ልቀቂ ያልተባለችው ልጅ

አንድ አስተማሪ ነበረ። ለስድስተኛ ክፍል ልጆች ሳይንስ ያስተምር ነበር። አንቺ ዛሬ «ጋሼ፣ የሙቀትን መተላለፍ ለልጆች በምን ብጀምርላቸው ይወዱታል?» ብለሽ የጠየቅሽኝን እሱም በወጣትነቱ ራሱን ጠይቆ ነበር። መልስም አገኘ። ያገኘው መልስ ግን በመጨረሻ የእሱንም የእኔንም አንገት አስደፋ። በዚያ ትምህርት ቤት ርዕሰ መምህሩ እኔ ነበርኩና የምነግርሽ በዓይኔ ያየሁትን ነው።

ትምህርት ቤቱ ከአንዲት ደጋ ከተማ ዳር ነበር። ግድግዳው ጭቃ፣ ወለሉ አፈር፣ ጣሪያው ቆርቆሮ። በአንድ ክፍል ስልሳ ልጅ ይቀመጣል፤ መጽሐፉ ለሦስት አንድ ነው። መጽሐፉ ስለ ሙቀት የሚናገረው አንድ ገጽ ተኩል ብቻ ነበር። ሙቀት በብረትና በድንጋይ ውስጥ እንዴት እንደሚሄድ፣ በውሃና በአየር ውስጥ እንዴት እንደሚዘዋወር፣ ከፀሐይ ተነሥቶ ደግሞ ባዶውን ሁሉ አልፎ እንዴት እኛ ዘንድ እንደሚደርስ ይናገራል። ሌሎቹ አስተማሪዎች ሦስት ከባድ ቃላት ሰሌዳ ላይ ይጽፉና ልጆቹን ያስገለብጣሉ። ልጆቹ ለፈተና ይሸመድዷቸዋል፤ በማግስቱ ይረሷቸዋል። ለዚያ አስተማሪ ይህ ነገር አልዋጥ አለው። ሰነፍ ሰው እንዳልነበረ እንድታውቂልኝ እፈልጋለሁ።

እናም አንድ ዘዴ ፈጠረ። ቤት ከሚሠራበት ቦታ ቀጭን ፌሮ ብረት ለምኖ አስቆረጠ፤ ርዝመቱ ከስንዝር እምብዛም አያልፍም። በዚያው ልክ ደረቅ የወይራ እንጨት አዘጋጀ። በትምህርቱ ቀን ፍም የያዘ የከሰል ምድጃ ወደ ክፍል ያስገባል። ሁለት ልጆች አስወጥቶ አንዱን እንጨቱን፣ አንዱን ፌሮውን ያስይዛል፤ ሌላኛውን ጫፍ ፍሙ ዳር ያስገባዋል። ከዚያ ድምፁን ከፍ አድርጎ፣

«እኔ ልቀቁ ሳልል እንዳትለቁ!» ይላል።

ፊቱን ወደ ሰሌዳው ያዞርና «የሙቀት መተላለፍ» ብሎ በትልልቁ መጻፍ ይጀምራል። ሆን ብሎ ነው ቀስ የሚለው። ጽፎ ሳይጨርስ ፌሮውን የያዘው ልጅ «ውይ!» ብሎ ይወረውረዋል። ክፍሉ በሳቅ ይናጋል። አስተማሪው የደነገጠ መስሎ ይዞራል።

«ምን ሆንክ? እሳቱ ነካህ እንዴ?»

«ኧረ አልነካኝም።»

«ታዲያ ማን አቃጠለህ?»

ይሄን ጊዜ ነበር ማየት። ስልሳውም ልጅ ይጮሃል። አንዱ ብረቱ ነው ይላል፣ አንዱ ሙቀቱ በውስጥ ለውስጥ ሄዶ ነው ይላል፣ ሌላው እንጨቱስ ለምን አላቃጠለም ብሎ ይከራከራል። በዚያች ደቂቃ የገባቸውን ነገር ሲያድጉም አይረሱትም። ስምንት ዓመት እንዲህ አስተማረ። ከሌሎች ትምህርት ቤቶች ሳይቀር እሱን ለማየት ይመጡ ነበር። እኔም በየስብሰባው ስሙን እጠራለሁ።

ፌሮውን የያዘው ልጅ ጣቱ ትንሽ ይቀላል፤ እስከ ምሳ ይተወዋል። ዓመቱን ሙሉ ግን ጓደኞቹ «ውይ» እያሉ ነው የሚጠሩት። ይህን አውቅ ነበር። ልጆች አይደሉ፣ ያልፋል እል ነበር።

በዘጠነኛው ዓመት፣ ኅዳር ውስጥ፣ ከወረዳው ሁለት እንግዶች ጥሩ የሚያስተምር ሰው ሊያዩ መጡ። እኔም ሳላመነታ ወደ እሱ ክፍል ወሰድኳቸው። እሱ ግን አንድ ነገር አሳስቦት ነበር። የከተማው ልጆች ዘዴውን ከታላላቆቻቸው ሰምተዋል፤ ገና ምድጃው ሲገባ መጠቃቀስ ይጀምራሉ። ፌሮውን የሚይዘው ልጅ ቀድሞ ካወቀ ቶሎ ይለቀዋል፤ ሳቁም ይከሽፋል። ስለዚህ ወሬውን ያልሰማ ልጅ ፈለገ።

ትርንጎ የምትባል ልጅ ነበረች። ከገጠር ከመጣች ሁለት ወር አልሞላትም፤ አክስቷ ቤት ተቀምጣ ነው የምትማረው። ከማንም ጋር ብዙ አታወራም። አስተማሪ የተናገረውን አንድም ሳታስቀር ስለምትጽፍ ልጆቹ ደብተሯን ይዋሷት ነበር። አስተማሪው እሷን ጠራት። እንጨቱን ለአንድ ወንድ ልጅ፣ ፌሮውን ለእሷ ሰጠ።

«እኔ ልቀቁ ሳልል እንዳትለቁ!» አለ።

እኔ ከእንግዶቹ ጋር ከኋላ ተቀምጬ ነበር። በደንብ ሰማሁት። እንግዶቹም ሰምተዋል። ስልሳውም ልጅ ሰምቷል።

ዞሮ መጻፍ ጀመረ። ልጆቹ አፋቸውን በእጃቸው ይዘው ይንፈቀፈቃሉ። ርዕሱን ጽፎ ጨረሰ፤ «ውይ» የሚል የለም። ከሥሩ አሰመረበት፤ አሁንም ዝም ነው። ፍሙ የጠፋ መሰለው። ዞሮ ቢያይ ጨዋታው ይፈርስበታል፤ ስለዚህ ጊዜ ለመግዛት የዕለቱን ቀን ጻፈ፤ ከዚያ «የትምህርቱ ዓላማ» ብሎ ሌላ መስመር ጀመረ። ትከሻው ሲወጠር ይታየኝ ነበር። የተጨነቀው ሳቁ ስለቀረ ነው።

እኔስ? እኔ ፊቷን አያለሁ። ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል፤ የምትጸልይ መሰለኝ። ቆየት ብሎ ዓይኗ እንባ ሞላ። ልጆቹ መሳቅ ሲያቆሙ ሰማሁ። በዚያች ሰዓት ብድግ ብዬ መጮህ ነበረብኝ። እንግዶቹ አጠገቤ ናቸው፤ የሰው ትምህርት ማቋረጥ ነውር መሰለኝና ተቀመጥኩ። ያን ጊዜ የተቀመጥኩበት አግዳሚ ዛሬም ድረስ ይቆረቁረኛል።

በመጨረሻ እንጨቱን የያዘው ልጅ፣ «መምህር... ትርንጎ እያለቀሰች ነው» አለ።

አስተማሪው ዞረ። «ልቀቂ!» አለ። ያኔ ነው የለቀቀችው። ጣቶቿ ቶሎ አልተዘረጉም፤ አንድ በአንድ ነው የዘረጋቻቸው። የመዳፏ ቆዳ ነጭ ሆኗል። እንደ ጥፋተኛ ቆማ ታየዋለች።

ከእንግዶቹ አንዱ ብድግ አለ። «ምንድን ነው የተፈጠረው?»

አስተማሪው እንግዳውን አየ፣ እኔን አየ፣ ከዚያ መሬት መሬት እያየ፣

«ሲሞቅሽ ልቀቂ ብያት ነበር። አልሰማችኝም» አለ።

ከስልሳው ልጅ «እንዲህ አላሉም» ያለ አንድም የለም። የሚሉትን አጥተው አልነበረም፤ ወደ እኔ ነው የዞሩት፤ ትልቁ ሰው እኔ ነኛ። እኔም ዝም አልኩ። እንዲያውም ከዚያ የባሰ አደረግሁ። ልጅቷን ወደ ጤና ጣቢያ ከላክን በኋላ ቢሮ ገባሁና በመዝገቡ ላይ «ተማሪዋ የመምህሩን ትእዛዝ በአግባቡ ባለመስማቷ እጇ ላይ ጉዳት ደርሷል» ብዬ በራሴ እጅ ጻፍኩ። እንግዶቹ ፈረሙበት። እኔም ፈረምኩ።

በሦስተኛው ቀን አባቷ መጣ። ገበሬ ነው። አክስቷ ልካበት ከገጠር አራት ሰዓት በእግሩ ተጉዞ መምጣቱ ነበር። ልጅቷ እጇ በፋሻ ተጠቅልሎ ከኋላው ቆማለች። አስተማሪውን ጠርተን ቢሮ ውስጥ ተገናኙ። እኔ የመጣው ሊከሰን ነው ብዬ መልስ ሳዘጋጅ ነበር ያደርኩት። ገበሬው ግን ገና ከበሩ ባርኔጣውን አወለቀ፤ ወገቡ እስኪታጠፍ እጅ ነሣ።

«መምህር፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ» አለ። «እንግዳ ፊት አዋረደችዎት አሉኝ። ያሏትን ሳትሰማ ቀርታ ነው አሉ። እኛ ቤት እንዲህ አላሳደግናትም። ምን ነካሽ ብዬ መንገድ ላይ ተቆጥቻታለሁ። ዳግመኛ አይለምዳትም።»

ከዚያ ከጋቢው ሥር አንድ እቅፍ የሽንብራ እሸት አወጣና በሁለት እጁ ዘረጋለት።

አስተማሪው ልጅቷን አየ። እሷ እግሯን ነው የምታየው። አንድ ቃል ብትናገር ሁላችንም አልቆልናል። አልተናገረችም። አስተማሪው እሸቱን ተቀበለ።

«ምንም አይደለም። ልጅ ናት። ይቅር ብያታለሁ» አለ።

ይህን ሲል ሰምቼ የማደርገው ቢጠፋኝ ጠረጴዛው ላይ የተቀመጠውን የቀለም ብልቃጥ ወዲያና ወዲህ ማንቀሳቀስ ጀመርኩ። ገበሬው መርቆን ሄደ።

ትርንጎ በሳምንቱ ወደ ክፍል ተመለሰች። የተቃጠለው የምትጽፍበት እጇ ነው፤ ስለዚህ በግራ እጇ መጻፍ ጀመረች። የክፍሉ ልጆች ግን ሌላ ሆነው ነበር። አስተማሪው «ማን ወጥቶ ይሞክራል?» ሲል አንድም እጅ አይነሣም። በስም ሲጠራ የተጠራው ልጅ ቀስ ብሎ ይነሣል፤ ሲወጣ ሁለት እጁን ኪሱ ውስጥ ይከታል። አንድ ቀን ሙቅ ውሃና ቀዝቃዛ ውሃ በሁለት ሳህን አቅርቦ ነክታችሁ ንገሩኝ አላቸው። ከስልሳው አንድም የሚነካ ጠፋ። ራሱ እጁን ውሃው ውስጥ ከቶ «ይኸው፣ ለብ ያለ ነው፣ እዩት!» አላቸው። አዩት። አልቀረቡም።

የመንፈቅ ዓመት ፈተና ደረሰ። አስተማሪው ካወጣቸው ጥያቄዎች አንዱ «ሙቀት በብረት ውስጥ እንዴት እንደሚተላለፍ አስረዱ» የሚል ነበር፤ አምስት ነጥብ የሚያዝበት። ወረቀት ሲያርም ከሰዓት በኋላ በሬን ሳያንኳኳ ገባና አንድ ወረቀት ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠ።

«ያንብቡት» አለኝ።

የትርንጎ ወረቀት ነበር። ቦታው አልበቃ ብሏት በጀርባው ላይ ቀጥላለች። በግራ እጅ የተጻፈ፣ የተጣመመ ጽሕፈት ነው። እንዲህ ይላል፦

«ብረቱ መጀመሪያ ቀዝቃዛ ነበር። ሙቀቱ በስንት ጊዜ እንደሚመጣ ለማወቅ ቆጠርኩ። እስከ ሰባ ድረስ ምንም የለም። ከዚያ ለብ አለ። መቶ ሃያ ላይ ሞቀ። መቶ ስልሳ ላይ በጣም ሞቀ። መቶ ዘጠና ላይ አመመኝ። ከሁለት መቶ ሠላሳ በኋላ መቁጠር አቃተኝ። እንጨት የያዘው ልጅ ምንም አልሞቀውም። ሙቀቱ ከፍሙ ተነሥቶ በብረቱ ውስጥ ቀስ እያለ ወደ እኔ መጣ። ብረቱ ራሱ ግን ከቦታው አልተንቀሳቀሰም። ሙቀቱ ብቻ ነው የሄደው። መምህር ልቀቂ እስኪሉኝ ጠብቄ ነበር። ትምህርቱ እሱ መስሎኝ ነው።»

ልጄ፣ እኔ አርባ ዓመት በትምህርት ቤት ኖሬያለሁ። ሙቀት በጠጣር ነገር ውስጥ ስለሚተላለፍበት መንገድ ከዚያ የተሻለ ነገር አላነበብኩም። ብረቱ አይሄድም፣ ሙቀቱ ነው የሚሄደው ብሎ በራሱ የደረሰ የስድስተኛ ክፍል ልጅም አላየሁም። የምትጸልይ የመሰለኝ ስትቆጥር ነበር። እኛ ሳቅ ስንጠብቅ እሷ ትማር ነበር።

«ከአምስት ስንት ልስጣት?» አለኝ አስተማሪው።

«አምስት ስጣት» አልኩና ወረቀቱን መለስኩለት።

አልተቀበለኝም። «አምስት ሰጥቻት ልለፍ?»

«ነገሩ እኮ ካለፈ ቆየ። አባቷም ይቅርታ ጠይቀዋል።»

«የጠየቁት እሳቸው ናቸው እኮ!» አለ። «ይቅር ያልኩትም እኔ ነኝ! ቆይ ግን፣ እርስዎ አልሰሙም? 'ሳልል እንዳትለቁ' ስል አልሰሙኝም?»

እንግዲህ አየሽ፣ እሱ ዋሽቷል፤ የጠየቀኝ ግን እኔን ነው። ምን እላለሁ? «ሰምቻለሁ» አልኩ። ይህችን አንዲት ቃል ለማውጣት ሁለት ወር ፈጀብኝ።

ሐሙስ የገበያ ቀን ነበር። አስተማሪው ለአባቷ መልእክት ላከና ገበሬው ከገበያ ወደ ትምህርት ቤት መጣ። ሌላ ጥፋት ተገኘባት ብሎ ሳይሰጋ አልቀረም፤ ላብ በላብ ሆኖ ነው የደረሰው። አስተማሪው እጁን ይዞ ወደ ክፍል አስገባው፤ እኔም ተከተልኩ። ልጆቹ ብድግ አሉ። አስተማሪው ተቀመጡ አላላቸውም፤ ረስቶት ይመስለኛል። በሰሌዳው ፊት ቆመ።

«እኔ በዚያን ቀን» አለ፣ «'ልቀቁ ሳልል እንዳትለቁ' ብያለሁ። ሁላችሁም ሰምታችኋል። ትርንጎ ያልኳትን ነው ያደረገችው። ጀርባዬን ሰጥቼ ስትጮህ እንድንስቅ እጠብቅ ነበር። እጇ ተቃጠለ። ከዚያ እንግዳ ፊት አፈርኩና ዋሸሁባት። ለአባቷም ዋሸሁ። ስልሳ ልጅ አፍ አዘጋሁ። ጥፋቱ የእኔ ነው፤ የእሷ ምንም ጥፋት የለባትም።»

ገበሬው ቶሎ የገባው አልመሰለኝም። መጀመሪያ ወደ ልጁ ዞረ።

«አንቺ፣ ለምን አልነገርሽኝም ታዲያ?»

ትርንጎ እያጉተመተመች፣ «መምህር ይዋሻሉ ብዬ አላሰብኩም። እኔ በደንብ ያልሰማሁ መስሎኝ ነበር» አለች።

ገበሬው ይህን ሲሰማ ፊቱ ተለዋወጠ። ወደ አስተማሪው ዞረ። እስከዚያች ሰዓት «እርስዎ» እያለ ነበር የሚያናግረው።

«አንተ» አለው። «የገዛ ጆሮዋን አስጠረጠርካት። እኔም አንተን አምኜ መንገድ ላይ ጮህኩባት። እጇስ ይድናል፤ እኔ አሁን በምን ዓይኔ ላያት?»

አስተማሪው ይቅርታ ብሎ ሊንበረከክ ሲል ገበሬው «ተው፣ ልጆቹ እያዩህ ነው» ብሎ ከለከለው። ይቅር ብዬሃለሁ ግን አላለውም። ልጁን ትከሻዋን አቅፎ ይዟት ወጣ። ስንጠብቅ የነበረውን ምርቃትም ሳይሰጠን ሄደ፤ ደግም አደረገ።

ከክፍሉ ስንወጣ አስተማሪው መዝገቡ እንዲስተካከል ጠየቀኝ። እኔ አንገራገርኩ። እንግዶቹ ፈርመውበታል፣ የትምህርት ቤቱ ስም ይነሣል አልኩ። ይህን የምልሽ እኔን እንድታውቂኝ ነው። ከእኔ በዕድሜ አሥራ አምስት ዓመት የሚያንስ ሰው ከስልሳ ልጅ ፊት ራሱን አዋርዶ ወጥቶ፣ እኔ ገና ስለ ስም አወራለሁ። «እንግዲያው ከሥሩ ይጻፉበት፤ እኔ ብቻዬን እፈርማለሁ» አለኝ። ያኔ አፈርኩ። ከሥሩ እውነተኛውን ጻፍኩ። እኔም ሰምቼ ዝም እንዳልኩ ጨመርኩበት። ሁለታችንም ፈረምን። በዚያ ምክንያት የእሱ ዕድገት ሁለት ዓመት ተያዘ፤ እኔም የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ደረሰኝ። ደብዳቤው ይገባኝ ነበር።

ትርንጎ ከሁለት ቀን በኋላ ተመልሳ መጣች። አስተማሪው ትምህርቱን እንደገና ከመጀመሪያው ጀመረው። በዚህ ጊዜ ምድጃ አላመጣም። በጠዋት፣ ብርዱ ገና ሳይለቅ፣ ልጆቹን አንድ እጃችሁን በዴስካችሁ ብረት ላይ፣ አንዱን በእንጨቱ ላይ አድርጉ፤ የማይፈልግ አያድርግ አላቸው። የቱ ይቀዘቅዛል? ብረቱ አሉ። ሁለቱም ሌሊቱን በአንድ ክፍል ነው ያደሩት፤ ታዲያ ብረቱ ለብቻው ማን አቀዘቀዘው? ብሎ ጠየቃቸው። መልሱን አልነገራቸውም። ብረቱ የእጃቸውን ሙቀት ቶሎ ስለሚወስድባቸው እንደሆነ እስኪደርሱበት ሁለት ቀን ተከራከሩ።

በሦስተኛው ቀን ነው ምድጃው የመጣው። ፌሮውን ማንም አልያዘውም፤ በሁለት ድንጋይ ላይ አጋደመው። በላዩ ላይ በሻማ ጠብታ አምስት ሚስማር ተራ በተራ አጣበቀና አንዱን ጫፍ ፍሙ ውስጥ ከተተ። ልጆቹ ከበው ይቆጥራሉ። ለፍሙ ቅርብ የሆነው ሚስማር መጀመሪያ ወደቀ፤ ከዚያ ቀጣዩ፤ ከዚያ ቀጣዩ። ሙቀቱ ሲመጣ በዓይናቸው አዩት። በሌላ ቀን በድስት ውሃ ውስጥ ሰጋቱራ ጨምሮ አሞቀ፤ ብናኙ ከሥር ሲወጣ፣ ከላይ ደርሶ በዳር በኩል ሲወርድ፣ እንደገና ሲወጣ አሳያቸው። በሌላው ቀን ደግሞ ከምድጃው ጎን ራቅ ብለው ቆመው መዳፋቸውን ወደ ፍሙ እንዲያዞሩ፣ ከዚያ መሐል ላይ ደብተር እንዲያስገቡ አደረገ። ደብተሩ ሲገባ ሙቀቱ ወዲያው ይቋረጣል። የነካቸው ነገር የለም፤ ታዲያ በምን በኩል ነበር የመጣው?

በእያንዳንዱ ሙከራ መጀመሪያ የሚነካው እሱ ነው። ጀርባውንም አይሰጣቸውም። ሳቁ እንደ ድሮው አልነበረም። ልጆቹ እጃቸውን ከኪሳቸው ማውጣት የጀመሩት ከብዙ ሳምንት በኋላ ነው፤ አንዳንዶቹ እስከ ዓመቱ መጨረሻም አላወጡም። ትርንጎ አንድ ቀን እንኳ ከወንበሯ ተነሥታ አልወጣችም። እሱም አልጠራትም። አንደኛ ሆና ወደ ሰባተኛ አለፈች። መዳፏ ዳነ፤ ጠባሳው ግን ቀረ። በኋላ መንገድ ላይ ስንገናኝ በአክብሮት ጎንበስ ብላ ሰላም ትለኛለች፤ ያ አክብሮቷ ከስድብ ይከብደኛል።

እንግዲህ ልጄ፣ በምን ልጀምር ብለሽ ለጠየቅሽኝ መልሱ ይኸው ነው። ሙቀት ከበዛበት ወደ አነሰበት ይሄዳል፤ መንገድ ካገኘ አይቆምም። እፍረትም እንደዚሁ ነው። ያ አስተማሪ በእንግዳ ፊት እፍረት ሲያቃጥለው ለማን አሳለፈው? ከክፍሉ ሁሉ ለምታንሰው። እኔ ደግሞ በመዝገብ አሳለፍኩላት። አባቷም በመንገድ ላይ ጨመረባት። ሁላችንም በረድ አልን፤ እሷ ተቃጠለች። አንቺም ነገ ክፍል ትገቢያለሽ። አንድ ቀን ትሳሳቻለሽ፤ ሰው ያይሻል፤ ፊትሽ ይግላል። በዚያች ሰዓት አጠገብሽ አንዲት ዝም ያለች ልጅ አትጠፋም፤ የሰጠሻትንም ሁሉ ትይዝልሻለች።

ስለዚህ ምድጃውንም ውሃውንም ይዘሽ ግቢ፤ ልጆች በእጃቸው የነኩትን ነው የሚያውቁት። ነገር ግን ማንኛውንም ነገር ከማስነካትሽ በፊት ሲያማቸው ያለ አንቺ ፈቃድ መልቀቅ እንደሚችሉ ንገሪያቸው። ነግረሻቸውም አትተዪው፤ ሲለቁ አመስግኚያቸው።